ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ አኳሪየም፦ ያለ ሂተር ይሆናል ወይ?

የጠባሴዋ ሰፊ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጠባሴ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ዩኒፎርም፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ ሱሪ ማሳጠር፣ የመጣውን ሁሉ እሰፋለሁ። ጎረቤቴ የነበረው ካፌ ሲዘጋ ባለቤቷ “እኔ ይህን ተሸክሜ አዲስ አበባ አልገባም፣ አንቺ ውሰጂው” ብላ የዓሣ መስታወቷን ለእኔ ትታ ሄደች። ባዶውን ነው። አሁን ጥግ ላይ ቆሞ ክርና ዚፕ የማስቀምጥበት ሆኗል፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር “ዓሣውስ?” ይለኛል።

በሜትሬ ለካሁት፤ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእሱ ጋር የአየር ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦና ጥቁር የስፖንጅ ማጣሪያ አለ። ሂተር የለውም። መብራትም የለውም፤ እሱ ግድ የለም፣ የሱቁ አምፖል ይበቃዋል ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ስልክ ሰጥተውኝ ደወልኩ። “ዛሬ ውኃ ሙዪ፣ ነገ ዓሣ ትጨምሪያለሽ፣ ከበረደሽ ሂተር አብሬ እልክልሻለሁ” አለና ጋፒ፣ ኤንጅል፣ ጎልድፊሽ፣ ሌላም ሌላም እያለ የስምንት ዓይነት ስም ደረደረልኝ። አብረው ይኖራሉ ወይ ስለው “ችግር የለውም” አለ። የሚሸጥ ሰው ሁሉ ነገር ይሆናል ይላል። እኔም ጨርቅ ስሸጥ አይለቅም እላለሁ እኮ! ስለዚህ ሌላ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።

የምፈልገው ይህን ነው። እዚህ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውኃ እጅ ይቆርጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚህ ብርድ ዓሣ ያለ ሂተር ይኖራል? መብራት ሲሄድስ ምን ይሆናል? እኛ ሰፈር ሲሄድ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ያኔ እኔ ወደ እግር መኪናዬ እዞራለሁ፣ ዓሣው ወዴት ይዞራል? ሦስተኛ፣ መስታወቱን የማስቀምጠው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ነበር ያሰብኩት፤ ይችለዋል? የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ለጌጥ ብዬ ነፍስ ያለው ነገር መግደል አልፈልግም።

በረሳ ማዶ

እህቴ፣ በጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ እዚሁ ከተማ ዓሣ ይዤ ዓመታት አልፈዋል። ሲሶው ወሬ ይሆንብሻል፣ ቻይኝ።

ከጠረጴዛው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። አይችለውም። በልክሽ መሠረት መስታወቱ እስከ አፉ 112 ሊትር ይይዛል። አምስት ሳንቲ አጉድለሽ ብትሞዪው እንኳ 98 ሊትር ነው። የውኃው ክብደት ብቻ 98 ኪሎ ማለት ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር 130 እና 140 ይደርሳል። ላዩ ላይ ደግሞ መቀስ ሲመታ፣ ጨርቅ ሲጎተት፣ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ! ብሎኬት ደርድረሽ፣ በላዩ ወፍራም ጣውላ አድርገሽ፣ በጣውላውና በመስታወቱ መካከል ዕቃ ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም አንጥፊ። ፎሙ ጉብጠቱን ይውጥልሻል፤ ያለ እሱ አንዲት ጠጠር ከሥር ከቀረች መስታወቱ ከዚያች ነጥብ ይሰነጠቃል። ውኃልክ አስለኪው። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አታድርጊው፣ በአልጌ አረንጓዴ ይሆንብሻል።

አሁን ወደ ብርዱ። ሻጩ ሂተር ሊሸጥልሽ ፈልጓል፤ እኔ ደግሞ ብርዱን አትታገዪው ነው የምልሽ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ባቄላ ለመቀቀል የምናጠፋውን ጊዜ ታውቂዋለሽ፤ አየሩ ስለሳሳ ውኃችን 100 ሳይደርስ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ያው የሳሳ አየር ለዓሣውም አለ። ባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ከምናምን ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ዘንድ ግን በዚያው ሙቀት 6 እንኳ አይሞላም። ያንኑ ውኃ 15 ዲግሪ ላይ ብትተዪው 7 ያልፋል። ውኃ በቀዘቀዘ ቁጥር ኦክስጅን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ እዚህ አገር ውኃ አሙቂ ማለት ከቀድሞም ካነሰው ላይ ቀንሺ ማለት ነው። በቆላ ከተማ የተጻፈ ምክር እንዳለ ደብረ ብርሃን የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ዓሣ ቆሻሻውን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ግን ሁሉም አይደለም የሚመርዘው፤ የሚመርዘው ክፍል ውኃው ሲሞቅ ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ብትወርጂ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ብርዱ ጠላትሽ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ብርድ የሚወድ ዓሣ ነው የሚያዘው። ጎልድፊሽ ያዢ። ዘሩ ከቻይና ነው፣ ከብርድ ውኃ ዓሣ የወጣ ነው። የምትይዢው ደግሞ ጅራቱ ድርብ የሆነውን፣ ፋንቴይል የሚሉትን ይሁን፤ ሁለት ብቻ። ነጠላ ጅራቱ፣ ረጅሙ፣ ለኩሬ ነው፤ አድጎ 20 እና 30 ሳንቲ ሲሆን ያንቺ መስታወት ውስጥ መዞሪያ ያጣል። ዓይኑ እንደ ፊኛ የተነፋውን ወይም ጀርባው ላይ ክንፍ የሌለውንም ተዪ፣ እነሱ ለብርድ ስሶች ናቸው። ሁለት ዓሣ አነሰኝ ትዪ ይሆናል። አትናቂያቸው፣ በደህና የተያዘ ጎልድፊሽ አሥር ዓመት አልፎ ይኖራል፤ የምታሳድጊያቸው ልጆች ዩኒፎርማቸውን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።

ግን ከመግዛትሽ በፊት ውኃውን ሙዪና ቴርሞሜትር አስገብተሽ ጎህ ሲቀድና ከሰዓት በኋላ አንብቢ። ሱቅሽ ማታ ስለሚዘጋ የውጭውን ያህል አይወርድም። ጎህ ላይ ከ12 በላይ ከቆየ ያለ ሂተር ሂጂ። ከ10 በታች የሚወርድ ከሆነ አንዲት ሂተር ገዝተሽ 18 ላይ አድርጊያት። ሂተር ኃጢአት አይደለም፤ 25 ላይ መስቀሉ ነው ያላማረኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ከ25 የሚወርድ ውኃና 16 ላይ የቆመ ውኃ አንድ አይደሉም፤ ዓሣን የሚያሳምመው መዋዠቁ ነው።

ትልቁ ነገር ግን “ነገ ዓሣ ትጨምሪያለሽ” ያለሽ ነው። እሱን አትስሚው። አዲስ መስታወት ውስጥ አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሉም። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል፣ ይህ በመጠኑ ከሆነ አይጎዳም። እነዚህ የሚኖሩት በብዛት ውኃው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ሞቅ ባለ ውኃ እንኳ ለመደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እንደኛ በቀዘቀዘ ውኃ ሁለት ወርም ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣ ሳይኖር ፓምፑን ሌት ተቀን አስነሺ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣይበት፣ እሱ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆንላቸዋል። በመመርመሪያ ወረቀት ወይም ጠብታ ለኪ፤ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወጥተው ወርደው ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬት ደግሞ ሲታይ፣ ያኔ ዓሣሽን እዘዢ። ደንበኞችሽ “ዓሣውስ?” ይበሉሽ፣ ቀሚሳቸው ሲዘገይም እንዲሁ ይሉሻል።

ውኃውን በተመለከተ፦ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፣ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይጎዳል። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድተሽ አየር እየነፋሽበት አንድ ሁለት ቀን ብታሳድሪው ይተናል። ሱቅ ውስጥ ስላደረ ሙቀቱም ከመስታወቱ ጋር ይመሳሰላል። ባልዲው የዓሣ ብቻ ይሁን፤ ኦሞም በረኪናም ያልነካው አዲስ።

ሮቢት ነኝ

እህት ሰላም፣ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ጋሼ ያሉት ጥሩ ነው፣ ግን ጎልድፊሽ ብቻ ማለታቸው ትንሽ አላሳመነኝም። ጎልድፊሽ ቆሻሻ ያበዛል፣ የተከልሽውን ተክል ሁሉ ይግጣል። አንድ መቶ ዋት ሂተር 20 ላይ አድርገሽ ዜብራ ዳኒዮ ብትይዢ፣ ስምንት ዘጠኝ ሆነው ሲሮጡ የሚያምር ነገር የለም። ከ18 ዲግሪ ጀምሮ ይስማማቸዋል። ዋይት ክላውድ የሚባለውን ካገኘሽ ደግሞ ሂተርም አትፈልጊም፤ ከደቡብ ቻይና ተራራ ምንጭ የመጣች ትንሽ ዓሣ ናት፣ 14 ዲግሪም ትችላለች።

እኔ ጋፒ ነው የያዝኩት። እዚህ ሂተር ማለት ቀልድ ነው፤ በግንቦት ውኃዬ 30 ይጠጋል፣ እኔ የምጨነቀው በማቀዝቀዝ ነው። በርሚልና ባልዲ ሁሉ ጋፒ ሆኗል። ከፈለግሽ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ልላክልሽ፣ በነፃ።

የመንዝ ልጅ

ለምን ብር ታወጣላችሁ? ወንዝ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ሞልቷል፣ በወንፊት አጥልሎ ማምጣት ነው። ብርዱንም ለምደውታል።

የጠባሴዋ ሰፊ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብሎኬቱን ዛሬውኑ ከግንበኛ ጎረቤቴ ለምኜ አስመጥቻለሁ። የባቄላው ነገር ደግሞ ገረመኝ፤ እናቴ ሁሌ “ይህ አገር ምጣድ አይሰማም” ትላለች፣ ለካ ምክንያቱ አየሩ ነው።

ሮቢት፣ አንተም እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ነፃ የሚባል ነገር ሲመጣ ልቤ ይደነግጣል ግን ጓጉቻለሁ። ጋሼ፣ የሮቢት ጋፒ እኛ ጋ ይኖራል? የወንዙስ? ሌላ ደግሞ የረሳሁት፣ ሱቄ ውስጥ ብናኝ ክር አለ፣ ካውያ አለ፣ ከሰዓት ቡና እናፈላለን፣ ዕጣን ይጨሳል። አንዳንዴ በረሮ ሲበዛ ፍሊት እነፋለሁ። ይህ ሁሉ ምን ያደርገዋል?

በረሳ ማዶ

በመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ፍሊቱን አቁሚ። ለነፍሳት የተሠራ መርዝ ለዓሣ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአየር ፓምፕሽ ደግሞ የሱቁን አየር እየሳበ በቀጥታ ውኃው ውስጥ የሚከት መሣሪያ ነው። በረሮውን በወጥመድ ያዢ። ዕጣኑና ከሰሉ ያን ያህል ባይሆንም ፓምፑን ከቡናው ጥግ አርቀሽ፣ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ለክሩ ብናኝ ክዳን አሠሪለት፤ አልሙኒየምና መስታወት ቤት ሄደሽ ቱቦ የሚያሳልፍ ማዕዘን አስቆርጠሽ መስታወት ክዳን ብታሠሪ ዋጋው ከባድ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ግን አይታፈን፣ አየር ይግባው። የማሽን ዘይት የነካው እጅሽን ሳትታጠቢ ውኃው ውስጥ አታስገቢ። ከታጠብሽም ሳሙናውን አጥርተሽ አለቅልቂው።

የሮቢት ጋፒ አይሆንሽም። ከ22 በታች ሲወርድ ይደክማል፣ በሽታ ይይዘዋል፤ ከ28 ዲግሪ ተነሥቶ ታርማበርን አልፎ አንቺ ጋ ሲደርስ አቀባበሉ ክፉ ነው። ዋይት ክላውዱን ግን ልጁ በትክክል ተናግሯል፣ እኔ ሳላነሳው ቀረሁ እንጂ ከጎልድፊሽም ሳይሻል አይቀርም። ዳኒዮውንም አልነቅፍም፣ ሂተር ለማስገባት ከቆረጥሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ ትንንሾቹን ከጎልድፊሽ ጋር አትቀላቅዪ፣ አፉ ውስጥ የገባለትን ሁሉ ይውጣል።

አንተ የሮቢቱ ልጅ፣ ጋፒህን ተውና ከቆየው ማጣሪያህ ስፖንጅ ቆርጠህ ላክላት። እሱ ነው ስጦታ! ባክቴሪያው እዚያ ላይ ተጣብቆ ስላለ የእሷን ሁለት ወር በብዙ ያሳጥረዋል። በራሱ በመስታወትህ ውኃ አርጥበህ፣ ላስቲክ ውስጥ አየር ትተህ፣ ፀሐይ እንዳይነካው አድርገህ በጠዋቱ መኪና ጫነው። መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከሰዓት በፊት ይደርሳል። ብቻ ዓሣህ ሰሞኑን ነጭ ነጥብ ወይም ሌላ በሽታ ታይቶበት እንደሆነ በእውነት ተናገር፤ ስፖንጁ በሽታውንም ይዞ ይመጣል።

የመንዙ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ክፉ አልነበረም። ግን የወንዝ ዓሣ የሚፈስ ውኃና ብዙ ኦክስጅን የለመደ ነው፣ ቆሞ በዋለ መስታወት ውስጥ ይታፈናል። ጥገኛ ትልም ይዞ ይመጣል። ደግሞ መንገዱ በሁለቱም በኩል የተዘጋ ይሁን፤ የሰለቸንን ጎልድፊሽ ወስደን በረሳ ላይ መልቀቅም አይገባም። በረሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። ጎልድፊሽ በብዙ አገር ወንዝና ሐይቅ ገብቶ ጭቃውን እያማሰ የአገሩን ዓሣ ያስቸገረ ነው።

ሮቢት ነኝ

እሺ ጋሼ፣ ስፖንጁን እልካለሁ። ዓሣዬ ደህና ነው፣ በሽታ አላየሁበትም። ሐሙስ ጠዋት የሚወጣ መኪና አለ። እህት፣ መስታወቱን ከዚያ በፊት ሙዪው፣ ክሎሪኑም ይውጣለት፤ ባክቴሪያው ክሎሪን ላይ ካረፈ ልፋታችን ከንቱ ነው። ጠጠር ከየት ታመጫለሽ? እኔ ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ አጥቤ ማጣሪያ ውስጥ ከትቻለሁ፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያ ይወደዋል።

የጠባሴዋ ሰፊ

ሐሙስ መናኸሪያ ወርጄ እቀበላለሁ። ሬድ አሽ ግንበኛው ጎረቤቴ ጋ ሞልቷል። ለታች ግን ክብ ክብ ጠጠር አማረኝ፤ አጎቴ ከጀማ በረሃ በጆንያ ሊያመጣልኝ ይችላል። እንደዚያ ይሁን?

ሁለት ነገር ደግሞ ቀረኝ። የመብራቱን ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ምግብስ ስንቴ ነው? ሱቄ እሑድ ዝግ ነው።

በረሳ ማዶ

ከጀማ የመጣውን ጠጠር አቼቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት፣ ሸለቆው ውስጥ ይገኛል። ውኃውን ያጠነክረዋል፤ ለጎልድፊሽ ግን ይህ ጉዳት የለውም፣ አትደንግጪ። አፍ ውስጥ የሚሰነቀር መጠን ያለውን ብቻ ለቅመሽ አውጪ። ጎልድፊሽ ጠጠር አፉ ውስጥ እየከተተ የሚተፋ ፍጥረት ነው።

ምግብ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፣ ሲሰጡት ሁሉ ይበላል፣ የተረፈው ውኃውን ያበላሸዋል። ውኃው ከ10 እየወረደ ከሆነ ጨርሶ አታብዢበት፣ አይፈጭለትም። እሑድ ምንም አይሆኑም። ረቡዕና ዓርብም ብታስጾሚያቸው አይከፋም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደንበኞችሽ ሲያነሡ ዓሣውስ ራሱ ይጾማል ትያቸዋለሽ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከውኃው ሩቡን ቀይሪ፤ ሁሉን አይደለም። ስፖንጁን ከመስታወቱ በቀዳሽው ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ ቧንቧ ሥር አታጥቢው።

ወደ መብራቱ። ሁለት ዓሣ በ98 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ቀን ያለ ፓምፕ ቢቆዩ አይሞቱም፤ ጥቂት ዓሣ ያዢ ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው። ምግብ አትስጪ። ከረዘመ በጣሳ ውኃ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺበት፣ አየር ይይዛል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕም አለ፣ ስትችዪ ግዢ። ሌሊት ውርጭ ከሆነና መብራት ከሌለ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልይው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እየኖርን ይህ አያቅተንም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አስተካክዪ። ፓምፕሽ ከውኃው በታች ከተቀመጠ መብራት ሲሄድ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ይወርዳል፤ ፓምፑን ያቃጥላል፣ ወለሉን ያጥለቀልቃል፣ የስፌት ማሽንሽ ሶኬት እዚያ ካለ ደግሞ አደጋ ነው። ለዚህ በቱቦው መካከል የሚገባ፣ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለ። ከመስካትሽ በፊት በአፍሽ ንፊበት፤ ትንፋሽሽ የሚያልፍበት ወገን ወደ ፓምፑ፣ ሌላው ወደ ውኃው ይሁን። ገመዱንም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንዲወጣ አድርጊው፣ የሚንጠባጠብ ውኃ ካለ ከማጠፊያው ይወርዳል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

የጠባሴዋ ሰፊ

ቫልቩ ቱቦው ላይ ነበር ጋሼ፣ አሁን ነቅዬ ነፋሁበት። ተገልብጦ ነው የተሰካው፤ ትንፋሼ የሚያልፈው ከውኃው ወደ ፓምፑ ነው። አዙሬ ሰክቼዋለሁ። ብሎኬቱን ውኃልክ እያስለካሁ ነው፣ ሐሙስ ስፖንጁ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።